አሥራ አምስት ፍሬ እንክብል

ኦክላንድ፣ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1997

ይድረስ ለተከበሩ ጋሽ ኩምሳ፣

እንደምን ከረሙልኝ? ዓለምፀሐይና ልጆቿ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት ሆነው። ያዘገየሁት ተቆጥታ ነው ብለው እንዳያስቡ ልል ነበር፤ እውነቱን ልንገርዎትና ግን ትንሽ ተቆጥቼ ነበር። "የአስራት ልጅ ሆነሽ የታመመ ሰው ባዶ እጁን ትሸኛለሽ?" የሚለውን መስመር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አባቴን ባይጠሩብኝ ይሻል ነበር።

ቢሆንም ለጠየቁኝ ልመልስ። ንጋቱ ክሊኒካችን የመጣው ጃንዋሪ 14 ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ዲቪ ደርሶት ከመጣ ገና ስድስት ወሩ፤ መሃል ከተማ ፓርኪንግ ጋራዥ ይሠራል። አምስት ቀን አተኩሶታል፣ ራሱን ያመዋል፣ ሰውነቱን ይቆረጣጥመዋል። በዚያ ሳምንት እንደሱ የሚያደርጋቸው ሠላሳ ሰዎች አይቻለሁ፤ ሁሉም ጉንፋን ነበሩ። ጉንፋን ቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ ምንም አያደርገውም። ካላስፈለገ አትስጡ፣ ጀርሙ መድኃኒቱን ይለምደዋል እያሉ እዚህ በየግድግዳው ለጥፈውልናል። እኔም "ውኃ ጠጣ፣ ዕረፍ፣ በሳምንት ካልተሻለህ ተመለስ" አልኩት። "ሲስተር፣ መርፌ እንኳ የለም?" አለኝ። የለም አልኩት። ፊቱን አጥቁሮ ወጣ።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ንጋቱ በሳምንት አልተመለሰም። የተመለሰው ፌብሩዋሪ 10 ነው፤ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ብሎ፣ ደረጃውን ቆም እያለ ነው የወጣው። ሐኪም ቤት አስገባሁት። ጀርም ይበቅል እንደሆነ ብለው ደሙን ሦስት ጊዜ ወሰዱ፤ ምንም አልበቀለም። በራጅ ሳንባው ላይ ትንሽ ጥላ አለ፣ የለም እየተባባሉ ነው። ወባ አይደለም። ታይፎይድ አይደለም። ትኩሳቱ ግን በየቀኑ አለ፣ ልጁም በየቀኑ እየመነመነ ነው። ምን እንደያዘው የሚያውቅ የለም፤ እንዲህ ከቀጠለ ይሞትብናል።

"ከእኔ ከተለየህ በኋላ የወሰድከው መድኃኒት አለ?" ብዬ ደጋግሜ ጠየቅሁት። "እኔ? ኧረ በጭራሽ!" ይላል፤ ዐይኔን ግን አያየኝም። እሁድ እሁድ እናንተ ጋ ለጸሎት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከጉባኤው ከአገር ቤት ያመጣውን መድኃኒት የሰጠው ሰው ይኖር ይሆን? ሁሉም "ዶክተር" እያለ የሚያማክረው እርስዎን ስለሆነ አጠያይቁልኝ።

አክባሪዎ ትርንጎ


ሳን ሆዜ፣ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1997

ለልጄ ለትርንጎ አስራት፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ዓለምፀሐይ ስልክ ደውለሽ እንደነበር ነግራኛለች። ልጄ፣ በስልክ አትልፊ። ጆሮዬ ላይ ስይዘው የሚሰማኝ የራሴ ጆሮ ጩኸት ነው። የልጅ ልጆቼ በእንግሊዝኛ፣ ዓለምፀሐይ ባማርኛ ይጮሁብኛል፤ ሁሉም ለእኔ አንድ ነው። ፊት ለፊት ያለውን ሰው ከንፈሩን አይቼ እረዳዋለሁ፤ ለሩቁ ወረቀት ይሻለኛል።

አባትሽን የጠራሁት ሆን ብዬ ነው። ተቆጪ፤ ቁጣ አይገድልም።

በዚያው ስልክ ጆሮዬ እንዴት እንደሄደ ዓለምፀሐይን ጠይቀሻት ነበር። አስራት አልነገረሽም? አጋሮ ጤና ጣቢያ ሳለን፣ አንቺ ሳትወለጂ፣ ሦስት ወር አሳለኝ። ከጅማ የመጣው ሐኪም ደረቴን አይቶ "ቲቢ ሳይሆን አይቀርም" አለ። አባትሽ አክታዬን በማይክሮስኮፕ አየ፤ አንድ ጊዜ አይደለም፣ አምስት ጊዜ፤ ምንም አላገኘም። ሐኪሙ "ቢሆንም እንጀምርለት" አለ። ዘጠና ቀን ስትሬፕቶማይሲን። ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ ድሬሰር ከእኔ ሌላ ስላልነበረ መርፌውን ራሴን የወጋሁት እኔው ነኝ። ሳሉ ቆመ። ጆሮዬም ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ደከመ። ቲቢ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አባትሽም ሳያውቅ ሞተ።

ስለዚህ ለንጋቱ የቲቢ መድኃኒት አስበው እንደሆነ ንገሪኝ። አደራ።

ስለ ሌላው ጉዳይ ጉባኤው ውስጥ አጠያይቃለሁ። ሰው ብዙ ነው፣ ከአገር ቤት የሚመጣውም ሻንጣ ብዙ ነው።

እኔም አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መጀመሪያ የመጣ ቀን ልቡን ሰምተሽዋል? እኔ የልብ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ምን ይረባኛል? አንቺ ግን ጆሮ አለሽ። ዝም ብዬ ነው የጠየቅሁሽ።

ኩምሳ


ኦክላንድ፣ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1997

ጋሽ ኩምሳ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? በችኮላ ስለምጽፍ ይቅር ይበሉኝ፤ ሁለት በሽተኛ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

አዎ፣ ቲቢ ብለው አስበዋል። ሌላ የሚሉት ስላጡ ነው። በመጪው ሰኞ ማርች 3 መድኃኒቱን ይጀምሩለታል፤ ስድስት ወር የሚወሰድ ነው። ስትሬፕቶማይሲን አይደለም፣ አይጨነቁ።

ትናንት ልጠይቀው ሄጄ ነበር። ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ ሳነሣ ከኪሱ ወረቀት ወደቀ። የቤተ ክርስቲያናችሁ የእሁድ ፕሮግራም ነው። አራት ማዕዘን ሆኖ ታጥፏል፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ተሸጉጧል፣ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ ሦስት ፀሐይ ተሥሎበታል፤ አንዷ ስትወጣ፣ አንዷ አናት ላይ፣ አንዷ ስትጠልቅ። ውስጡ ባዶ ነው። "ምንድን ነው?" ስለው "የቆሎ መጠቅለያ ነው" አለኝ።

ጋሼ፣ ይህን አስተጣጠፍ አጋሮ ጤና ጣቢያ መስኮቱ ሥር ቆሜ ስንት ቀን አይቼዋለሁ! ማንበብ ለማይችል ገበሬ የእንክብሉን መዋጫ ሰዓት በፀሐይ ይሥሉ የነበሩት እርስዎ ብቻ ነበሩ። ንጋቱ እኮ ዲፕሎማ አለው።

አልሣቅሁም ግን። ጥቂት እንክብል ጀርሙን አይገድለውም፤ ያደክመዋል። የደከመ ጀርም ደግሞ ላቦራቶሪ ውስጥ አይበቅልም። ሐኪሞቹ "ምንም አልበቀለም፣ እንግዲያው ቲቢ ነው" ያሉት እንክብል መውሰዱን ስለማያውቁ ነው። ቲቢ ካልሆነ ለስድስት ወር የማይረባውን መድኃኒት ሲውጥ እውነተኛው በሽታ ይጨርሰዋል። ምን ሰጡት፣ ስንት ፍሬ፣ ከመቼ እስከ መቼ? ይህን ብቻ ይጻፉልኝ። ማንም አያስርዎትም፤ እኔም አላስነካዎትም።

ስለ ሌላው ሌላ ጊዜ እንጻጻፋለን።

ትርንጎ


ሳን ሆዜ፣ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1997
በዓለምፀሐይ መሥሪያ ቤት ፋክስ የተላከ

ትርንጎ፣

አዎ፣ እኔ ነኝ።

ባለፈው አጠያይቃለሁ ስልሽ መልሱን አውቀው ነበር። ፈርቼ ነው። ሰባ ዓመት ኖሬ፣ ልጄ ቤት ተጠግቼ፣ ፖሊስ መጣ እንዳይባል ፈራሁ። ይህ ምክንያት እንደማይሆን ይገባኛል።

ሠላሳ አራት ዓመት ያለ መዝገብ ሰው አክሜ አላውቅም፤ እዚህም ከልጅ ልጄ የወሰድኩት፣ ፈረስ የተሣለበት ደብተር አለኝ። እንዳለ ገልብጬልሻለሁ።

"ተራ ቁጥር 41። ጃንዋሪ 19። ንጋቱ፣ ወንድ፣ 26። ከታመመ አሥር ቀን። ትኩሳት 38.6። ጉሮሮ ደህና። ጣፊያ በመጠኑ ይዳሰሳል። በግራ እጁ በሁለት ጥፍሮቹ ሥር እንደ እንጨት ስንጥር ያለ ቀጭን ጥቁር መስመር ይታያል፤ 'ምንም አልወጋኝም' ብሏል። ልብ፦ አልሰማሁም። አምፒሲሊን 250፣ አሥራ አምስት ፍሬ እንክብል፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ጃንዋሪ 26፦ ትኩሳት የለም። 'ዶክተር፣ አዳኑኝ' ብሏል።"

እንክብሉን ከአገር ቤት ሰው ነው የሚያመጣልኝ፤ በብስኩት ቆርቆሮ አስቀምጠዋለሁ። እሁድ ከፕሮግራም በኋላ ሰው ጉሮሮውን፣ ጆሮውን፣ ሆዱን ይዞ ይመጣል። አፖይንትመንት የለ፣ ኢንሹራንስ የለ። ንጋቱም መጣና "የኦክላንዷ ሲስተር ባዶ እጄን ሰደደችኝ" አለኝ። ልጄ፣ ደስ አለኝ። ያንቺን ትምህርት በልጬ ልጁን ላድነው ነው ብዬ ደስ አለኝ። ይህንንም እወቂው። ከዚያ "ለማንም እንዳትናገር" ብዬ ቃል አስገባሁት። ልጁ እኮ የሚዋሽሽ ክፉ ሆኖ አይደለም። ለእኔ የገባውን ቃል ጠብቆ ሊሞት ነው። ዛሬውኑ ሄደሽ "ጋሽ ኩምሳ ከቃልህ ፈትተውሃል" በይው።

የጥፍሩን ነገር ያን ቀን ጻፍኩት እንጂ አላሰብኩበትም። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ መዝገቡን ገልጬ ሳነብ አንዲት የአጋሮ ልጅ ትዝ አለችኝ። በልጅነቷ መገጣጠሚያዋ አብጦ ነበር፤ ስታድግ ትኩሳቱ አልለቅ አላት፣ ጥፍሯ ሥርም እንዲሁ ያለ መስመር ወጣ። ሐኪሙ ልቧ ውስጥ የሚያፏጭ ድምፅ አለ ብሎ ነበር። እኔ አልሰማሁትም፤ ልጅቷም ሞተች። ለዚህ ነው ልቡን ሰምተሽዋል ወይ ያልኩሽ። ምን ሰማሽ?

ኩምሳ


ኦክላንድ፣ ማርች 6 ቀን 1997

ይድረስ ለጋሽ ኩምሳ፣

ፋክስዎ ዓርብ ጠዋት ደረሰኝ፤ ይዤው ሐኪም ቤት ሄድኩ። ንጋቱን ለምታክመው ሐኪም ቆሜ መስመር በመስመር ተረጎምኩላት። ጥፍሩ ጋ ስደርስ ወረቀቱን እጄ ላይ ትታኝ ወደ ንጋቱ አልጋ ሄደች። የግራ እጁን አነሣች፤ መስመሩ አንዱ ጣት ላይ ደብዝዞ አሁንም አለ። ለሁለት ሳምንት ከዚያ እጅ ደም ሲወስዱ ጥፍሩን ያየው አልነበረም። ልቡ ላይ የሰሙትንም ቀጭን ድምፅ ከትኩሳቱ ነው ብለው አልፈውት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ልቡን በአልትራሳውንድ አዩት። በግራ በኩል ካሉት የልብ ቫልቮች አንዱ ላይ፣ ደሙን የሚያስገባው የሚያስወጣው በር ማለቴ ነው፣ ጀርም ተከምሮበታል። በሩ ራሱ ከልጅነቱ የተጎዳ ነው። ያኔ ጉሮሮውን ታሞ ጉልበቱ አብጦ እንደነበር እናቱን በስልክ ጠይቀን አረጋገጥን። ቲቢው ተሰረዘ። ፔኒሲሊንና ጀንታማይሲን በደም ሥሩ ይሰጡታል፤ በትንሹ ስድስት ሳምንት። ጀንታማይሲን ያንን የእርስዎን መድኃኒት ይዛመደዋል፤ ጆሮ ይጎዳል። መጠኑን በደሙ እየለኩ፣ ጆሮውንም እየመረመሩ ነው የሚሰጡት። ይህን የጻፍኩት እንደሚጠይቁኝ ስለማውቅ ነው።

ቫልቩ ያፈሳል። ካልቻለ ይቀየራል ብለዋል። የሚድን መሆኑን እስካሁን ደፍሮ የነገረኝ የለም።

ከቃሉ እንደፈቱት ስነግረው ወደ ግድግዳው ዞሮ አለቀሰ። "ሽማግሌውን ያስሯቸዋል ብዬ እኮ ነው" አለኝ።

ለጠየቁኝ ሁሉ የመለስኩ ይመስለኛል። ደህና ይሁኑልኝ።

ትርንጎ


ሳን ሆዜ፣ ማርች 16 ቀን 1997

ለትርንጎ፣

እንኳን ቲቢው ቀረ።

ዛሬ በጉባኤው ፊት ቆምኩ። "ወንድሞችና እኅቶች፣ እኔ ዶክተር አይደለሁም፤ ድሬሰር ነበርኩ፣ እሱም ድሮ ነው። ከእኔ እንክብል የወሰደ ሁሉ ለሐኪሙ ይናገር፤ ንጋቱ ለእኔ ብሎ ዝም ስላለ ሞት አፋፍ ላይ ነው" አልኩ። ሰው አጎነበሰ። ዓለምፀሐይ አለቀሰች፤ አፍራ ይሁን አዝና አልጠየቅኋትም። የብስኩት ቆርቆሮውን ለእሷ አስረክቤያለሁ። ገና ከአዳራሹ ሳልወጣ አንዲት ሴትዮ እጄን ያዘችና "ዶክተር፣ ይቺን ጉሮሮዬን ብቻ እዩልኝ" አትለኝም! ትርንጎ ጋ ሂጂ አልኳት። "ውይ፣ እሷማ ባዶ እጅ ነው የምትሸኘው" አለችኝ። ስምሽ ሳን ሆዜም ደርሷል።

የመለስሽልኝ ይመስልሻል። አልመለስሽልኝም። ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ሦስተኛው ይኸው። የመጀመሪያው ቀን ልቡን ስትሰሚ ምን ሰማሽ?

ኩምሳ


ኦክላንድ፣ ኤፕሪል 27 ቀን 1997

ጋሽ ኩምሳ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

መጀመሪያ ወሬውን። ንጋቱ ኤፕሪል 8 ቀዶ ጥገና ተደረገለት። የተበላሸውን ቫልቭ አውጥተው የብረት አስገቡለት። ድኗል። ትናንት ወጥቷል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ዕድሜ ልኩን ይወስዳል፤ ጥርስ በተነቀለ ቁጥርም አስቀድሞ አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል። ያን ጊዜ የከለከልኩትን ማለት ነው።

አሁን ጥያቄዎን። አልሰማሁም።

ጃኬቱን እንኳ አላስወለቅሁትም። ለአንድ ሰው አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው የሚሰጠን፤ እኔ ግን በሩን ከፍቶ ሲገባ አይቼው "ጉንፋን" ብዬ ወስኛለሁ። ከወጣ በኋላ ቅጹ ላይ "ልብ፦ ደህና" ብዬ ጻፍኩ። በዚያ ሳምንት ለሁሉም እንደዚያው ጽፌያለሁ። እርስዎ ፈረስ በተሣለበት ደብተር "አልሰማሁም" ብለው ጻፉ፣ እኔ ዲግሪ ይዤ "ደህና" ብዬ ጻፍኩ። ፋክስዎን ስተረጉም ሐኪሟ ጥፍሩ ላይ ትታኝ ስትሄድ፣ እዚያች ቃል ላይ ባለመድረሴ እፎይ አልኩ። እርስዎ በጉባኤ ፊት ሲቆሙም ሰምቼ ዝም አልኩ።

ብሰማው ኖሮ ድምፁን አገኘው ነበር? አላውቅም። ያን ቀን ገና ቀጭን ይሆን ይሆናል፤ ምናልባትም ምንም አይሰማም ነበር። ግን ብሰማና ባገኘው ደሙን ያኔውኑ እወስድ ነበር፣ እንክብልዎ ሳይቀድመኝ። ጀርሙ ይበቅል ነበር፤ ቫልቩም ምናልባት ይተርፍ ነበር። ምናልባት የሚለው ቃል አልለቀኝ ብሏል።

መድኃኒት ባለመስጠቴ ዛሬም አልጸጸትም። ቢመጣ ነገም አልሰጠውም። ግን ባዶ እጁን ሸኘሽው ያሉት እውነት ነበር፤ ምክንያቱ መድኃኒቱ አይደለም እንጂ።

ለክሊኒኩ ኃላፊ ተናግሬያለሁ። ምን እንደሚወስኑብኝ አልታወቀም። ለንጋቱ ግን አልነገርኩትም። ባየኝ ቁጥር "ሲስተር፣ አንቺ ነሽ ያተረፍሽኝ" እያለ እጄን ይስማል። አፍሬያለሁ፣ ጋሼ። ምን ልበለው?

ልጅዎ ትርንጎ


ሳን ሆዜ፣ ሜይ 11 ቀን 1997

ለልጄ ለትርንጎ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አንብቤ አስቀመጥኩት፤ እንደገና አነበብኩት። ተቆጣሁ። አንቺ ላይ ብቻ አይደለም። ያቺ የአጋሮ ልጅ ስትሞት መዝገቡ ላይ "በትኩሳት" ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በምን እንደሞተች ግን አላውቅም ነበር።

ይቅር ይበሉኝ ብለሽ አልጻፍሽልኝም፤ ደግ አደረግሽ። ይቅርታው የእኔ አይደለም። ለንጋቱም አልነገርኩልሽም፤ እሱ ያንቺ ሥራ ነው።

ዛሬ ቤተ ክርስቲያን መጣ። ከስቷል፣ ግን በእግሩ ነው የገባው። አጠገቤ ተቀመጠ። ጸሎት ተጀምሮ ሁሉም ዝም ሲል ከፊታችን የነበሩ ልጆች ዞር ዞር ማለት ጀመሩ። የልጅ ልጄ ከንፈሯን ሳየው "ኋት ኢዝ ዛት?" ትላለች። በኋላ ዓለምፀሐይ ጽፋ አሳየችኝ፤ ብረቱ ነው፣ ልቡ በመታ ቁጥር ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ሦስት ወንበር አልፎ ይሰማል። አስቢው፣ ሰው ሁሉ ያለ ማዳመጫ የሚሰማውን ልብ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ አልሰማሁትም። ንጋቱ ገባው መሰለኝ፣ እጄን ይዞ ሸሚዙ ላይ አስቀመጠው። ይመታል። በመዳፌ ቆጠርኩት፤ ሰማንያ አራት። አለቀስኩ። ማንም ቢያየኝ ግድ አልነበረኝም።

ምን ልበለው ብለሽኛል። ቃል አላበጅልሽም። ከደብዳቤ ጋር ሲታገሉ መክረም ይበቃሻል። የሚመጣው እሁድ ነይ፤ ምሳ ከእኛ ጋ ነው። ማዳመጫሽን ያዢ። መጀመሪያ ንገሪው። ከዚያ ከፈቀደልሽ ልብሱን አስወልቀሽ ስሚው፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ብሎ ነገር የለም፣ እስኪበቃሽ ስሚው።

መዝገቤን ዘግቻለሁ። ተራ ቁጥር 41 ላይ ግን "ልብ፦ አልሰማሁም" ከሚለው ሥር አንድ መስመር ባዶ አለ። እሱን የምትሞይው አንቺ ነሽ፣ ከሰማሽ በኋላ።

ኩምሳ